የውጪው ቀለበት

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ዛሬ ሶዲየም አጥር ዘሎ አመለጠኝ።

ቻርት የለንም። የነበረንን አንዱን ምስጥ በልቶታል። ስለዚህ እንደየዓመቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎችን ለክለሳ ሜዳ አወጣሁና መሬቱ ላይ በኖራ ሦስት ቀለበት ሣልሁ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ። መሐል ላይ ድንጋይ አስቀመጥሁ። ድንጋዩ ኒውክለስ ነው፣ ልጆቹ ኤሌክትሮን ናቸው። ሁለት ልጅ ውስጠኛው ቀለበት ላይ፣ ስምንት መካከለኛው ላይ፣ አንድ ደግሞ ውጪ ብቻውን። ሶዲየም ማለት ይኸው ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ሜዳ ላይ ግን በአማርኛ ነው የማስረዳው። ሌላ ጊዜ ይገፋፋሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ ግን እስከ ማትሪክ አይረሱትም።

የዘንድሮዎቹ አልሳቁም። ወንዶቹን ትከሻቸውን እየነካሁ ጮክ ብዬ ስቆጥር ፊታቸው ተለዋወጠ። ፀሐዩ ነው ብዬ አለፍሁት። ወንድ ልጅ አቁሞ የሚቆጥር በዚህ ሰሞን ማን እንደሆነ እንዴት ይጠፋኛል? ባለፈው ሳምንት ከኳስ ሜዳ ያፈሷቸውን ልጆች እንዲሁ አቁመው ቆጥረው ነው ወደ ጦር ማሠልጠኛ የጫኗቸው።

አሥራ አንደኛው ሰይድ ነበር። ውጪው ቀለበት ላይ ብቻውን አቆምሁት። ወዲያው የወታደር መኪና በትምህርት ቤቱ በር በኩል አለፈ። አልቆመም፣ አላየንምም፣ ዝም ብሎ አለፈ። ሰይድ ግን መኪናውን ሲያይ ሮጠ። አጥሩን ዘለለ፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

አንዷ ልጅ፣ "ቲቸር፣ ሶዲየም እንዲህ ነው እንዴ?" አለችኝ። አዎ፣ ውጪ ብቻውን ያለው ኤሌክትሮን በቀላሉ ነው የሚሄደው አልኋት። ጥቂቶች ሳቁ፣ ቶሎም ተዉት።

ሰይድ የክፍሉ አንደኛ ነው። አባቱ ከሐይቁ ማዶ ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። እሱ እዚህ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ስንቁን ቅዳሜ ገበያ በሚመጣው ታንኳ ይልኩለታል።

ከሰዓት ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ሁለተኛ ሜዳ ላይ ልጅ አሰልፈሽ እንዳትቆጥሪ አለኝ። ወላጆች እየመጡ "ትምህርት ቤቱም ጀመረ ወይ?" ብለውታል። ልከራከረው አፌን ከፈትሁና ተውሁት። እውነቱን ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ሰይድ መጣ። አንገቱን ደፍቶ "ይቅርታ ቲቸር" አለ። አጥራችን ምን ያህል አጭር እንደሆነ ስላሳየኸን እናመሰግናለን አልሁት። ክፍሉ ሳቀ። ይኸ የዛሬ ድሌ ነው፤ ሳቁ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ፣ በጠመኔ። ለሃያኛ ጊዜ ያው ስሕተት፦ "ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ሰጠ፣ ስለዚህ ጎደለው፣ ስለዚህ ማይነስ ሆነ።" አይደለም። ኤሌክትሮኑ ራሱ ማይነስ ነው። ማይነሱን የሰጠ ፕላስ ሆኖ ይቀራል፤ የተቀበለው ክሎሪን ማይነስ ይሆናል። ከዚያ ሁለቱ ይሳሳባሉ፣ ጨው ይሆናሉ። የቀበሌ ሊቀመንበራችን ልጅ ከኋላ ወንበር ሆና ስትጽፍ አየሁና ደብተሯን አነሣሁት። ማይነስ ብላ ጽፋለች።

ሰይድ ደግሞ እጁን አወጣ። ሦስተኛው ቀለበት አሥራ ስምንት መያዝ ይችላል ተብለናል፤ ታዲያ ፖታሲየም ሦስተኛው ላይ ስምንት ብቻ ይዞ ቀጣዩን አንዱን ለምን ወደ አራተኛው ይሰደዋል? ገና ባዶ ቦታ እያለ? ልጆቹ አጉረመረሙ፤ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ሲጠየቅ ይናደዳሉ። ኤሌክትሮን የቀለበቱን ቁጥር አያይም፣ አነስተኛ ጉልበት የሚጠይቀውን ቦታ ነው የሚይዘው አልሁት። ስምንት ከሞላ በኋላ የአራተኛው ቀለበት የመጀመሪያ ቦታ ከሦስተኛው ትርፍ ቦታ ይቀላል። አሰበበትና "ገባኝ" አለ። እንዲህ ያለ ተማሪ በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።

ከትምህርት በኋላ አስቀረሁት። ትላንት የት አደርህ? መስጊድ አለኝ። አብሮት የተከራየውን ልጅ ከኳስ ሜዳው ወስደውታል። አከራይዋ ደግሞ ዕቃውን በር ላይ አውጥታለች፤ ቀበሌው "ቤተሰቡ እዚህ ያልሆነ ወንድ ልጅ ያሳደረ ይጠየቃል" ብሎ አስጠንቅቋታል። የቀበሌ መታወቂያ የለውም። ያለው የተማሪ መታወቂያ ብቻ ነው፤ ኳስ ሜዳ ላይ የተያዙትም ያ ነበራቸው።

ምንም አልለመነኝም። ዕቃህን ይዘህ ና አልሁት። ደግነት አይምሰላችሁ፤ ማትሪክ ሊደርስ ይኸን ልጅ መነጠቅ አናደደኝ። (ለማን ነው "አይምሰላችሁ" የምለው? ይኸን የሚያነበው ማን ነው?)

ልጄ አንዱዓለም ክፍሉን አጋራው። አንዱዓለም ማትሪክ አምና አልመጣለትም፤ ጋራዥ ነው የሚውለው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። እስካሁን ማንም ያልነካብኝ ሊቀመንበራችን ሞላ አንድ ልማድ ስላለው ነው። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ያለውን ቤት አይነካም። ሕግ አይደለም፤ በየስብሰባው የሚኩራራበት ቃል ነው። እኔ ግን በዚያች ቃል ተማምኜ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

ቀበሌ ሄድሁ። ሰይድን አስመዘገብሁ።

ጸሐፊው ከትውልድ ቦታው መሸኛ አምጪ አለኝ። መሸኛ ለማምጣት ልጁ ሐይቁን መሻገር አለበት፤ እዚያ ከሄደ ደግሞ የራሳቸው ገበሬ ማኅበር ለራሱ የወታደር ኮታ ያስቀረዋል። መሸኛ የለውም አልሁት። "ታዲያ ምንሽ ነው?" አለ። "ልጄ ነው፣ ያሳደግሁት ነው" አልሁ። ስሙን ሲያይ ፈገግ አለ። ሰይድ እንድሪስ፣ የእኔ የጥሩወርቅ ልጅ። ግን ጻፈው። ማኅተም መታበት።

ስመለስ መንገዱ ሁሉ ቀለለኝ። አድራሻ አለው፣ መታወቂያ አለው፣ ተማሪ ነው። ተማሪ ደግሞ በወረቀት ላይ አይነካም። ቅዳሜ አባቱን አግኝቼ እነግራቸዋለሁ።

ጾም በመሆኑ ማዕዳችን አላስቸገረንም። ሥጋ ቢኖር የማን እጅ አረደው የሚለው ይመጣ ነበር። ሽሮ ግን የሁላችንም ነው። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚበላው። አንዱዓለም "ብላ እንጂ፣ እማዬ ስትቆጣ ከፈተና ትከፋለች" ይለዋል። ሁለት ጎረምሳ ያለበት ቤት ምን ያህል እንጀራ እንደሚፈጅ አላውቅም ነበር።

ያስጨነቁኝ ነገሮች፦ ጠመኔ እያለቀ ነው። የሊቀመንበሩ ልጅ አሁንም ማይነስ ትላለች። የጎረቤታችን ልጅ ከትላንት ጀምሮ አልገባም፤ እናቱ ግቢዋን ዘግታ ተቀምጣለች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ዛሬ የጋራ ትስስር፣ ኮቫለንት። ሁለት ክሎሪን። እያንዳንዱ ውጪው ቀለበት ላይ ሰባት አለው፣ አንድ ጎድሎታል። አንዱ ለአንዱ መስጠት አይችልም፤ ሁለቱም ፈላጊዎች ናቸው። ስለዚህ ከየራሳቸው አንድ አንድ አዋጥተው ጥንዱን መሐላቸው ያስቀምጣሉ። ያ ጥንድ የሁለቱም ነው። እያንዳንዱ ራሱን ሲቆጥር ስምንት ይሆናል፣ ይረጋል።

ሰይድ እንደ ልማዱ። "ቲቸር፣ ሁለቱ ስምንት ስምንት ካሉ አሥራ ስድስት ነው። ያሉት ግን አሥራ አራት ናቸው።" አዎ፣ በጋራ ያሉት ሁለቱ ሁለት ጊዜ ስለሚቆጠሩ ነው አልሁት። እዚህም እዚያም ይቆጠራሉ። "እንግዲህ አንዱ አቶም ቢነጠል?" አለ። ሌላው ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል አልሁት። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረና ሌላ የለኝም ነበር።

ማታ ቤቴ ደስ የሚል ነገር አየሁ። አንዱዓለም ከጋራዥ መጥቶ እጁን ሳይታጠብ ሰይድ አጠገብ ተቀምጧል። ወለሉ ላይ በከሰል ቀለበት ሥለው ኦክስጅንን ከሃይድሮጅን ጋር ያስተሳስራሉ። አንዱዓለም "ይኸ እኮ አምና የሳትሁት ነው" ይላል። በግሌ እፈተናለሁ አለኝ። አምና ስለምነው ስለምነው እምቢ ያለው ልጅ። ወለሌን ስላጠቆሩት ተቆጣሁ፤ ደስታዬን እንዳያዩብኝ ነው።

ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በፋሲሎ ሰፈር በኩል እየዞረ ነገ የቀበሌ ስብሰባ ነው ይላል። የቀረ ይጠየቃል።

ዓርብ፣ መጋቢት 7



ስብሰባው ላይ ሞላ ኮታው ጨምሯል አለ። ከላይ የመጣ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ አለ። ሲያልቅ "እትዬ ጥሩወርቅ፣ ትንሽ ቆዪ" አለኝ። ስለ ሴት ልጁ ውጤት ሊጠይቀኝ መስሎኝ ስለ ማይነሱ ለመናገር ተዘጋጀሁ።

"ቤትሽ ሁለት ሆኗል" አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ምን ሁለት ሆነ? ከዚያ ገባኝ። ተማሪ እኮ ነው አልሁት። "ተማሪ ብለሽ አላስመዘገብሽም፤ ልጄ ነው ብለሽ ነው። ሁለት ልጅ ያለው ቤት አንድ ይሰጣል። ይኸን ሁልጊዜ እናገራለሁ።" አይቆጣም፣ አይጮህም፤ ለእኔ ያዘነ ይመስላል። ይሰረዝልኝ አልሁት። "ሲሰረዝ መሸኛ የሌለው ሰው ይሆናል። ያኔ እኔው ራሴ እይዘዋለሁ።" እስከ ሰኞ አንዳቸውን አምጪ አለኝ። የትኛው እንደሆነ የቤትሽ ጉዳይ ነው፣ እኔ አልገባበትም አለ።

እንዴት አላሰብሁትም? ልጄ ነው ብዬ አስመዘገብሁት፤ እቤት ስገባ ግን ሁለት ልጅ አለኝ ብዬ አንድ ቀን አልቆጠርሁም። በእኔ ልብ ልጄ አንዱዓለም ነው፣ ሰይድ ተማሪዬ ነው። ቀበሌው ግን ልቤን አይጠይቅም። ሌላ ሰው እንዲህ ቢሳሳት በቀይ አሰምርበት ነበር።

አሁን እውነቱን ልጻፍ። ከቀበሌው እስከ ቤቴ ባለው መንገድ ላይ መረጥሁ። ማንን እንደመረጥሁ ማንም እናት አይጠይቀኝም። ከዚያ በር ስከፍት ሰይድ ጓሮ ልብሴን ሲያጥብ አገኘሁት። የእኔን ልብስ። "ተዉ ቲቸር፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" አለኝ። ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስሁ።

ልነግራቸው አልቻልሁም። አንዱዓለም ግን ጋራዥ ሰምቶ መጣ፤ ለሰይድም ነገረው። ሦስታችንም እያወቅን ራት በላን፤ ማንም አላነሣውም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ሄደዋል። ሁለቱም።

የሰይድ አባት ጋሽ እንድሪስ በጠዋት የታንኳ መሥሪያ ደንገልና ዓሣ ጭነው መጡ። ሐይቁ ዳር ጠብቄ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ልጅዎን ላድን ብዬ ልጄን፣ ልጄን ላድን ብዬ ልጅዎን አልሁ፤ ቃሉ ተደበላለቀብኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሰይድ እህቶች አሉት እንጂ ወንድም የለውም። እስክጨርስ ሰሙኝና "እርስዎ ክፉ አልሠሩም። ሁለቱንም ልውሰዳቸው" አሉ። "እዚያስ?" አልሁ። "እዚያ ደንገሉ ውስጥ ማንም አይገባም። ሲመጡ እሰማቸዋለሁ።"

ከሰዓት ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ቀደም ብለው መሄድ ነበረባቸው። ገበያተኛ እንዲመስሉ ልጆቹን አሸከምናቸው፤ ሰይድ ጨው፣ አንዱዓለም ባዶ እንስራ። አንዱዓለም ዋና አይችልም። እዚህ ሐይቅ ላይ ተወልዶ አድጎ ዋና አይችልም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አዞ አለ እያልሁ ያስፈራራሁት እኔ ነኝ። አዞ የለም።

ታንኳዎቹ ከሚቆሙበት ቦታ ወታደር ነበር። አንዱዓለምን አስቆመው። እጁን አየው፤ የጋራዥ ዘይት ጥፍሩ ሥር ይታያል። "አንተ ዓሣ አጥማጅ ነህ?" አለው። ጋሽ እንድሪስ ከኋላ መጥተው በእርጋታ፣ "ሁለቱም ልጆቸ ናቸው" አሉ። "ይኸኛው ሰነፍ ነው፣ ከተማ ሥራ ልልመድ ብሎ መጥቶ አልሆነለትም። እያስመለስሁት ነው።" ወታደሩ ከራሴ ልጅ የማይበልጥ ልጅ ነበር። ከዓሣው አንዱን ሰጡት፣ ዘወር አለ።

አንዱዓለም ዞር ብሎ አላየኝም። አትየኝ ያልሁት እኔ ነኝ። ታንኳው ዝቅ ብሎ ነው የሄደው፣ ውኃው ጠርዙን ይነካዋል። ነጥብ እስኪያክሉ ቆሜ አየሁና ቲማቲም ገዝቼ ተመለስሁ። ባዶ እጄን ብመለስ ሰው ይጠረጥረኛል ብዬ።

ከሰዓት ነፋሱ ተነሣ። ደርሰው ይሆን?

እሑድ፣ መጋቢት 9

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሞላ በሬ ላይ ነበር። "ልጆቹስ?" አለ። ስንቅ ሊያመጡ ሄዱ አልሁት። "ሁለቱም?" ሁለቱም። ሰማዩን አየ፣ ጫማውን አየ። "እትዬ ጥሩወርቅ፣ አንድ ተብሎ ተጽፎብሻል። ልጅ ካልመጣ እናት ትመጣለች። ልጅ እናቱ ታስራ አይቀመጥም፣ ይኸን ሁላችንም እናውቃለን።"

እኔን ማሰራቸው አያስፈራኝም። ይኸን የምጽፈው ጀግና ለመምሰል አይደለም፤ ትንሽ ያስፈራኛል፣ ወገቤ ሲሚንቶ ላይ አያስተኛም። የሚያስፈራኝ ግን ወሬው ነው። ሐይቁ ላይ ወሬ ከታንኳ ይቀድማል። አንዱዓለም ከሰማ ይመጣል። ዋና ባይችልም ይመጣል።

ከሐይቁ ማዶ ዓሣ የምታመጣ ነጋዴ ፈልጌ አገኘሁና ለጋሽ እንድሪስ ንገሪልኝ አልኋት፦ ምን ቢሰሙ ልጄን እንዳይለቁት። "ምን ሊሰሙ ነው?" አለችኝ። ምንም አልሁ። እንግዲህ ወሬውን የጀመርሁት እኔው ሳልሆን አልቀርም።

ለነገ፦ ቁልፉን ለጎረቤት። ጋቢ። መድኃኒቴ። የክለሳውን ማስታወሻ ለፊዚክስ መምህሩ፤ የጨው ክሪስታልን ማን ያስተምራቸዋል? ጨው ጥንድ ጥንድ ሆኖ አይኖርም፣ አንዱ ሶዲየም ለአንዱ ክሎሪን ብቻ የሚሆን ይመስላቸዋል፤ ዙሪያውን በሙሉ ነው የሚያያዙት። ይኸን ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

ተፈታሁ።

ሰኞ ጠዋት ከክፍል ነው የወሰዱኝ፣ የሊቀመንበሩ ልጅ እያየች። የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ ሌሎች እናቶች ነበሩ፤ ግቢዋን ዘግታ የነበረችው ጎረቤቴም። እዚያ ያየሁትን ዛሬ አልጽፍም። ማናችንም ልጃችን እንዲመጣ አልጸለይንም፤ በሩ ሲከፈት ግን ሁላችንም ቀና እንል ነበር።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሞላ ራሱ በሩን ከፈተና "ጥሩወርቅ፣ ሂጂ። ከአንቺ ቤት ተሟልቷል" አለ። እትዬ ማለቱን ትቶታል።

ጩኸቴን ራሴም አላወቅሁትም። ግቢውን እየሮጥሁ ወጣሁ፤ መኪናው ሄዷል። ዘበኛውን ልብሱን ይዤ ማን ነው የመጣው፣ ማን ነው የመጣው አልሁት። "ረጅሙ ልጅሽ ነው። ብቻውን መጣ። ሰይድ እንድሪስ እባላለሁ፣ ከቲቸር ጥሩወርቅ ቤት ነኝ አለ።"

ደስ አለኝ።

ይኸን መጻፍ አለብኝ፣ ሌላውን ሁሉ ጽፌ ይኸን ብተው ውሸታም ነኝ። የሰይድን ስም ስሰማ ከእግሬ እስከ ራሴ ደስ አለኝ። አንዱዓለም አይደለም። የዚያን ደቂቃ ሰይድ የሚባል ልጅ፣ ፖታሲየምን የጠየቀኝ፣ ልብሴን ያጠበልኝ ልጅ፣ በዓለም ላይ የለም ነበር። ከዚያ መጣብኝ። የቀበሌው አጥር ሥር ተቀመጥሁና መነሣት አቃተኝ። ዘበኛው ውኃ አመጣልኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ጨው አስተማርሁ። እንዴት እንዳስተማርሁ አላስታውስም። የሊቀመንበሩ ልጅ ሳልጠይቃት እጇን አወጣችና "የሰጠው ፕላስ ነው" አለች። ጎበዝ አልኋት።

ስመለስ ጋሽ እንድሪስ በሬ ሥር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ከጠዋት ጀምሮ ጠብቀውኛል፤ ጎረቤት ግቡ ቢላቸው እምቢ ብለዋል። ፊታቸውን ማየት ፈራሁ። አስገባኋቸው፣ ሻይ አፈላሁ፣ ቆሎ አቀረብሁ። ቆሎውን ቆነጠር አድርገው እጃቸው ላይ ያዙት እንጂ አልበሉም።

እንዲህ ነው የሆነው። ወሬው ማክሰኞ ደረሰ። አንዱዓለም ብድግ አለ፣ እሄዳለሁ አለ፣ ያዙት። ሰይድ ግን ራቱን በላ፣ ለእህቱ ሒሳብ አሳያት፣ ተኛ። ጠዋት ሲነሡ ትንሿ ታንኳ የለችም። "እኔም አልሰማሁም" አሉ ጋሽ እንድሪስ። "ሲመጡ እሰማለሁ ብየዎት ነበር። ሲሄድ አልሰማሁም።" በዋዜማው ግን ሰይድ ለአንዱዓለም አንድ ነገር ብሎት ነበር። ያ ቤት አንድ ልጅ ብቻ የነበረው ነው፤ ትርፍ የሆነው እኔ ስገባ ነው ብሎታል።

ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። ምን ብዬ? ቃሉ ትንሽ ነው። "ልጄን እርስዎ አልወሰዱትም" አሉ። የት እንዳደረሱት ሰምተዋል ወይ ስላቸው አልሰሙም። እኔም አልሰማሁም። ጠዋት ቀበሌ ጠይቄ ነበር፤ ማሠልጠኛው ብዙ ነው ብለው መለሱኝ።

"በፈተናው መዝገብ ስሙ አለ?" ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኋቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዳለ መስማቱ ብቻ የበቃቸው ይመስል።

አንዱዓለም ደኅና ነው። ታንኳ ማሰር እያስተማሩት ነው። "እጁ ሰነፍ ነው። ደንገሉን ያላላዋል" አሉ። ሳቅሁ፣ እሳቸውም ሳቁ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሊሄዱ ሲነሡ ነው የጠየቁኝ።

"እንግዲህ ከዚህ ቤት አንድ ሂዷል። ልጅዎ አሁን አንድ ነው፣ ማንም አይነካዎትም። ነገ ይዠልዎ ልምጣ?"

ለዚህ ነው ሐይቁን የተሻገሩት። የራሳቸው ልጅ በሄደ ማግስት የእኔን ልጅ ሊመልሱልኝ። አዎ ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። ክፍሉን አየሁት፤ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን እንደተዘረጋ ነው። ልጄን ማየት እፈልጋለሁ። ድምፁን መስማት፣ በዘይት እጁ ግድግዳዬን ሲነካ መቆጣት እፈልጋለሁ። ሞላ ቃሉን ይጠብቅ ይሆናል፣ ላይጠብቅም ይችላል፤ ግን ምክንያቴ እሱ አልነበረም። እኚህ ሰው ዛሬ ወደዚያ ደንገል ብቻቸውን ሲገቡ አሰብሁ፤ ነገ ደግሞ ልጄን አድርሰው እንደገና ብቻቸውን ሲመለሱ።

"እርስዎ ዘንድ ይቆይ" አልኋቸው። "ሰይድ እስኪመጣ የሁለታችን ይሁን።"

"ይከብድዎታል" አሉ።

ይከብደኛል አልሁ።

ቆሎውን ለአንዱዓለም ይስጡልኝ አልኋቸው፤ በመሐረባቸው ቋጥረው ያዙት። በየቅዳሜው ወሬውን አመጣለሁ፣ እርስዎም ስለዚያኛው የሰሙትን ይንገሩኝ አሉ። በር ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አደረጉና ወደ ሐይቁ ወረዱ። ልከተላቸው ፈልጌ ነበር።